የሳይንስ ማዕከል ጉብኝት፦ ከዕቅድ እስከ ቤት ውስጥ ሙከራ ዝርዝር መመሪያ

ወደ ሳይንስ ማዕከል የሚሄድን ቤተሰብ የሚያደክመው ማየቱ ሳይሆን መሯሯጡ ነው። ልጆቹ አንዱን ቁልፍ ተጭነው ምን እንደሚሆን ሳያዩ ወደ ሌላው ይሮጣሉ። ወላጅ ጃኬትና ቦርሳ ተሸክሞ ከኋላ ከኋላ ይከተላል። ከሁለት ሰዓት በኋላ ሁሉም ነገር ተነክቷል፤ ስላዩት ነገር ሲጠየቁ ግን «ደስ ይላል» ከማለት በቀር የሚናገሩት የላቸውም።

ጥፋቱ የልጆቹ አይደለም። ቦታው የተሠራው ጎብኚው መንገዱን ራሱ እንዲመርጥ ተብሎ ነው። እ.ኤ.አ. በ1969 በሳን ፍራንሲስኮ ኤክስፕሎራቶሪየም የተባለውን የሳይንስ ማዕከል የመሠረተው ፍራንክ ኦፐንሃይመር የፊዚክስ ሊቅ ነበር። በፖለቲካ ምክንያት ከምርምር ሥራ ከተገለለ በኋላ በኮሎራዶ ከብት ሲያረባ ቆየ፤ ቀጥሎም የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት መምህር ሆነ። ተማሪ ዕቃውን በእጁ እያንቀሳቀሰ፣ ሲበላሽበት እንደገና እየሞከረ ሲማር አይቷል፤ እንዲህ ያለውን ላቦራቶሪ ለማንኛውም ሰው ክፍት ማድረግ ፈለገ። በዚያው ዓመት ቶሮንቶ ውስጥ የኦንታሪዮ ሳይንስ ማዕከል ተከፈተ። ዛሬ በብዙ አገሮች የሚገኙት ማዕከላት በአብዛኛው የእነዚህን አሠራር የተከተሉ ናቸው፦ ከዚህ ጀምራችሁ በዚያ ውጡ የሚል መስመር የለም፣ እጃችሁን ይዞ የሚመራ የለም፣ ዕቃው ሁሉ በአንድ ጊዜ ይጠራችኋል።

ይህ ነፃነት መልካም ነው፤ ግን ዝግጅት ይፈልጋል። እዚህ ዕቅድ ማለት ጥቂት ማሳያዎች ላይ ረጅም ጊዜ ለመቆየት ቀድሞ መወሰን ነው። ትኬቱም፣ ሰዓቱም፣ የምሳ ዕረፍቱም የሚታሰበው ለዚህ ሲባል ነው።

1. መጀመሪያ አብሯችሁ የሚሄደውን ሰው አስቡ

ከአምስት ዓመት በታች ያለ ልጅ የሚፈልገው ውኃ፣ ኳስ፣ አየር የሚነፋ ቱቦ እና የሚገነባ ብሎክ ነው። ብዙ ማዕከላት ለእነዚህ ልጆች ለብቻው የታጠረ ክፍል አላቸው፤ ትልልቆቹ እየሮጡ እንዳይገፏቸው ሲባል የተደረገ ነውና ተጠቀሙበት። ትንሽ ልጅ ይዛችሁ ከሆነ ግማሹን ጊዜ እዚያ ለማሳለፍ ተዘጋጁ። አንድ ልጅ ውኃ ላይ ግድብ ሲሠራና ሲያፈርስ አርባ ደቂቃ ቢቆይ የሚያስቆጭ ነገር የለም፤ ከሁሉም የተሻለውን እያደረገ ነው።

ከስድስት እስከ ዘጠኝ ዓመት ያሉት «ለምን?» ብለው ይጠይቃሉ፣ መልሱን ግን ረጅም ጊዜ ቆመው አይሰሙም። ከአሥር በላይ ያሉት ውድድርና ፈተና ይወዳሉ፦ የተሻለ ድልድይ መገንባት፣ ፈጣን መኪና መሥራት፣ ከጓደኛ ቀድሞ እንቆቅልሽ መፍታት። ወጣቶችና አዋቂዎች ደግሞ ለብቻቸው መሄድ ይችላሉ። አንዳንድ ማዕከላት ለአዋቂዎች ብቻ የተመደበ ምሽት አላቸው፤ ልጅ ሲጠብቅ እያየ ማሳያውን ይዞ ለመቆየት የሚያፍር አዋቂ በዚያ ምሽት ያለ ሐሳብ መሞከር ይችላል።

የዕድሜ ልዩነታቸው ሰፊ የሆነ ልጆች ካሏችሁ ሁለት አዋቂ ሆናችሁ ሂዱ። አንድ አዋቂ የአራት ዓመት ልጅንና የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅን በአንድነት ሲያስጎበኝ አንደኛው ሁልጊዜ ይጎተታል።

2. ማዕከሉን ምረጡ፣ ክፍት መሆኑንም አረጋግጡ

ትልቅ ሕንፃ ማለት የተሻለ ማዕከል ማለት አይደለም። ሠላሳ ጥሩ ማሳያ ያለው ትንሽ ማዕከል ለመጀመሪያ ጉብኝት ከግዙፉ ይመረጣል፤ ልጆች አይጠፉም፣ ተመልሶ ሁለተኛ ጊዜ መሞከርም ቀላል ነው። በድረ ገጹ ላይ ያሉትን ፎቶዎች ስታዩ ሰዎቹ ምን እያደረጉ እንደሆነ አስተውሉ። የሚገፉ፣ የሚያሽከረክሩ፣ የሚገነቡ፣ እርስ በርስ የሚነጋገሩ ከሆነ ጥሩ ምልክት ነው። ሁሉም በንክኪ ስክሪን ፊት ቆመው ከሆነ እኔ በበኩሌ ሌላ ማዕከል እፈልጋለሁ። ስክሪን የሚያሳየው አዘጋጁ አስቀድሞ ያስገባውን ብቻ ነው፤ እውነተኛ ዕቃ ግን ማንም ያላሰበውን ጥያቄ ብትጠይቁትም ይመልሳል።

የቆየ ጽሑፍ አምናችሁ አትነሡ። ኤክስፕሎራቶሪየም ለብዙ ዓመታት ከነበረበት ሕንፃ ወጥቶ እ.ኤ.አ. በ2013 ፒር 15 ወደሚባለው የወደብ ስፍራ ተዛውሯል። ከላይ የጠቀስኩት የኦንታሪዮ ሳይንስ ማዕከል ሕንፃም እ.ኤ.አ. በሰኔ 2024 በድንገት ተዘግቷል። ስለዚህ አድራሻውን፣ የሥራ ሰዓቱንና ለጥገና የተዘጋ ክፍል መኖር አለመኖሩን ከማዕከሉ የራሱ ድረ ገጽ፣ በተለይም ከመሄዳችሁ በፊት ባለው ቀን፣ ተመልከቱ። ልጃችሁ ለወራት ሲያልመው የነበረው ጊዜያዊ ኤግዚቢሽን ባለፈው ሳምንት ተነሥቶ ሊሆን ይችላል።

3. ቀንና ሰዓት

ትምህርት ቤቶች ክፍት በሆኑበት ወቅት የሥራ ቀናት ጠዋት በተማሪዎች ጉብኝት ይሞላል። አውቶቡሶቹ ከቀትር በኋላ ተማሪዎቻቸውን ይዘው ሲመለሱ ግን አዳራሹ ጸጥ ይላል። ልጆቻችሁ ገና ትምህርት ቤት ያልገቡ ከሆኑ፣ ወይም ያለ ልጅ የምትሄዱ ከሆነ፣ የሥራ ቀን ከሰዓት በኋላን የሚያህል ጊዜ የለም። ቅዳሜና እሑድ ብቻ ከቻላችሁ በሩ ሲከፈት ድረሱ፤ የመጀመሪያው አንድ ሰዓት ከቀሪው ቀን ሁሉ ይበልጣል።

ዝናባማ ቀንና የትምህርት ቤት ዕረፍት ሁሉንም ሰው ወደ አንድ ጣሪያ ሥር ይሰበስባል። ነፃ መግቢያ የሚፈቀድባቸው ቀናትም እንዲሁ ናቸው፤ ክፍያው ከባድ የሆነበት ቤተሰብ ሊጠቀምባቸው ይገባል፣ ሆኖም ከወረፋው ለመቅደም በማለዳ መገኘት ያሻል። በብዙ አገሮች ሙዚየሞችና ማዕከላት በሳምንቱ አንድ ቀን፣ ብዙ ጊዜ ሰኞ፣ ይዘጋሉ።

ድምፅና ግርግር የሚያስጨንቀው ልጅ ካላችሁ፣ ለምሳሌ ኦቲዝም ያለበት፣ ማዕከሉ ጸጥ ያለ ሰዓት ወይም ቀን እንዳለው ጠይቁ። በዚያ ሰዓት የሰው ቁጥር ይገደባል፣ የድምፅ ማጉያው ይቀነሳል፣ የሚብለጨለጩ መብራቶችም ይጠፋሉ። ስልክ ደውሎ መጠየቅ አንዳንዴ በድረ ገጹ ላይ ያልተጻፈ ነገር ያስገኛል፦ ጸጥ ያለ ማረፊያ ክፍል፣ የጆሮ መከላከያ ማዋስ፣ ወይም ልጁ አስቀድሞ አይቶ የሚዘጋጅበት የቦታው የፎቶ መጽሐፍ።

4. ትኬት

የመግቢያ ትኬቱ ምን ምን እንደሚጨምር አንብቡ። ፕላኔታሪየም (ከዋክብትን በጉልላት ላይ የሚያሳይ አዳራሽ)፣ በግዙፍ ስክሪን የሚታይ ፊልም እና ልዩ ኤግዚቢሽን ብዙ ጊዜ ለብቻቸው ይከፈላሉ። የፕላኔታሪየም መቀመጫ ውስን ስለሆነ ቶሎ ያልቃል፤ ስለዚህ የሰዓት ትኬት ካለ ቀድማችሁ ያዙ፣ የቀኑንም ዕቅድ በእሱ ዙሪያ አድርጉት።

በዓመት ከአንድ ጊዜ በላይ የምትመጡ ከሆነ የዓመት አባልነትን ዋጋ ከነጠላ ትኬት ጋር አነጻጽሩ። አባልነት ከገንዘቡ ሌላ ትልቅ ጥቅም አለው፦ «የከፈልንበትን እንጨርስ» የሚለውን ጭንቀት ያስወግዳል። አባል የሆነ ቤተሰብ አንድ ሰዓት ተኩል ቆይቶ ቅር ሳይለው ይወጣል። በተጨማሪም ኤ.ኤስ.ቲ.ሲ በሚባለው ዓለም አቀፍ የሳይንስ ማዕከላት ማኅበር የፓስፖርት ፕሮግራም የሚሳተፍ ማዕከል አባላት ሌሎቹን ተሳታፊ ማዕከላት ያለ መግቢያ ክፍያ መጎብኘት ይችላሉ። ፕሮግራሙ የርቀት ገደብ አለው፤ አባል ከሆናችሁበት ማዕከል ወደ 145 ኪሎ ሜትር ወይም 90 ማይል ክልል ውስጥ ያለ ማዕከል አይካተትም። ጉዞ የሚያበዛ ቤተሰብ ይህን ሳያጣራ ትኬት መግዛት የለበትም።

መምህር ከሆናችሁ ተማሪ ከማምጣታችሁ በፊት ለብቻችሁ ገብታችሁ ማየት ይፈቀድ እንደሆነ ጠይቁ።

5. የጤና ጉዳይ፣ ሳይዘለል የሚነበብ

የልብ ምት ማስተካከያ መሣሪያ ወይም በቀዶ ሕክምና የተተከለ የመስሚያ መሣሪያ ያለው ሰው ኃይለኛ ማግኔት፣ ቴስላ ኮይል (የኤሌክትሪክ ብልጭታ የሚያወጣ መሣሪያ) ወይም ቫን ደ ግራፍ ወደሚባለው ፀጉር የሚያቆም የብረት ኳስ ከመቅረቡ በፊት ሠራተኛ መጠየቅና ማስጠንቀቂያውን ማንበብ አለበት። በፍጥነት የሚብለጨለጭ መብራት የሚጥል በሽታ ባለባቸው አንዳንድ ሰዎች ላይ በሽታውን ሊያስነሣ ይችላል፤ እንዲህ ያለ ክፍል የት እንዳለ በር ላይ ጠይቃችሁ እወቁ። በሚሽከረከር ክፍል ወይም ጉልላት በሚሞላ ፊልም ራሱን የሚያዞረው ሰው ከጠርዝ ይቀመጥ፣ ሲብስበትም ዓይኑን ይጨፍን።

በዊልቸር ለሚሄድ ሰው ሊፍት መኖሩ ብቻ በቂ አይደለም። የማሳያ ጠረጴዛዎቹ ጉልበት የሚያስገቡ መሆናቸውን፣ ማንሻዎቹም እጅ የሚደርስባቸው መሆናቸውን ጠይቁ። ለዓይነ ስውራን ደግሞ የሳይንስ ማዕከል ከሌሎች ሙዚየሞች ይልቅ ምቹ ነው፤ ንዝረት፣ ሙቀት፣ ሚዛንና ድምፅ በእጅና በጆሮ ይደረስባቸዋልና።

6. ካርታውን አውጡና ሦስት ምረጡ

ከጉብኝቱ በፊት ባለው ምሽት ካርታውን በስልክ ወይም በወረቀት አንድ ላይ ሆናችሁ ተመልከቱ። እያንዳንዱ ሰው፣ ትንሹም ልጅ ቢሆን፣ አንድ ማሳያ ወይም አንድ ክፍል ይምረጥ። ብዙ ሰው ከሆናችሁ ለጠቅላላው ቡድን ሦስት ይበቃል። የተመረጡት «ሳናያቸው አንወጣም» የምትሏቸው ናቸው፤ የቀረው ሁሉ ጊዜ ከተረፈ የሚታይ ነው።

ከዚያ አንድ ጥያቄ ጻፉ። «ስለ ድምፅ እንማራለን» የሚለው በጣም ሰፊ ነው። «ሰው ሹክ ሲል በጣም ርቄ እንዴት ልሰማው እችላለሁ?» የሚለው ግን ልጁን በዓይኑ እንዲፈልግ ያደርገዋል።

ልጆች ቦታውን አስቀድመው እንዲያውቁት ማድረግም ትልቅ ዋጋ አለው። የሙዚየም ትምህርት ተመራማሪው ጆን ፎልክ እና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1978 ባሳተሙት ጥናት ልጆች እንግዳ ቦታ ሲወሰዱ ትኩረታቸው ሊማሩት ከታሰበው ነገር ይልቅ በአካባቢው ላይ እንደሚውል አሳይተዋል። ስለዚህ ልጁ የሚያስጨንቁትን ቀድማችሁ ንገሩት፦ መጸዳጃው የት ነው፣ መቼ እንበላለን፣ የስጦታ ሱቅ እንገባለን ወይስ አንገባም፣ ብንጠፋፋ የት እንገናኛለን። የሱቁ ነገር ቀላል ይመስላል፤ ግን ከቤት ሳይወጡ ካልተወሰነ ቀኑን ሙሉ ጭቅጭቅ ይሆናል።

7. ይዛችሁ የምትሄዱት

ምቹ ጫማ፣ ውኃ፣ ለትንሽ ልጅ ቅያሪ ልብስ፣ ትንሽ ማስታወሻ ደብተርና እርሳስ፣ የተሞላ ስልክ። ቦርሳና ጃኬት በዕቃ ማስቀመጫው ተዉ፤ ሁለቱም እጃችሁ ነፃ ካልሆነ እናንተም ተመልካች ሆናችሁ ትቀራላችሁ። ምግብ ማስገባት ይፈቀድ እንደሆነ አጣሩ።

8. ስትገቡ

የፎኮ ፔንዱለም ያለበት ማዕከል ከሆነ ከሁሉ በፊት ወደ እሱ ሂዱ። ከጣሪያ በረጅም ሽቦ የተንጠለጠለ ከባድ ኳስ ቀስ ብሎ ወዲያና ወዲህ ይወዛወዛል፤ ብዙ ጊዜ ከሥሩ ዲግሪ ተጽፏል ወይም ትንንሽ እንጨቶች በክብ ተደርድረዋል። ፈረንሳዊው የፊዚክስ ሊቅ ሊዮን ፎኮ እ.ኤ.አ. በ1851 ፓሪስ ውስጥ ፓንቴዎን በሚባለው ሕንፃ ከ67 ሜትር ሽቦ ላይ አንጠልጥሎ ለሕዝብ ያሳየው ይህንን ነው። ኳሱ የሚወዛወዝበት አቅጣጫ ቀስ በቀስ የሚዞር ይመስላል፤ ከሥሩ የምትዞረው ግን መሬት ነች። ሦስት ደቂቃ ቆሞ ላየው ሰው ምንም አይታይም፤ ለዚህ ነው ብዙ ሰው ዝም ብሎ የሚያልፈው። ስትገቡ ኳሱ በየትኛው ዲግሪ ላይ እንደሚወዛወዝ ጻፉ ወይም ፎቶ አንሡ፣ ልትወጡ ስትሉ ተመልሳችሁ እዩ። የሚዞርበት ፍጥነት እንደ ቦታው ይለያያል። በዋልታ ላይ ሙሉ ዙር የሚጨርሰው በአንድ ቀን ገደማ ሲሆን፣ 30 ዲግሪ ኬክሮስ ላይ ሁለት ቀን ያህል ይፈጅበታል፤ በሰዓት 7.5 ዲግሪ ማለት ነው። እዚያ አራት ሰዓት ከቆያችሁ ወደ 30 ዲግሪ ዞሮ ታገኙታላችሁ። በምድር ወገብ ላይ ግን ጨርሶ አይዞርም። ልጅ በራሱ የእጅ ጽሑፍ የመዘገበውን ቁጥር ከአዲሱ ጋር ሲያስተያይ የሚሰማውን ስሜት የትኛውም ማብራሪያ አይሰጠውም።

ከዚያ ልጆቹን ለአሥራ አምስት ደቂቃ ያህል ልቀቋቸው። ይሩጡ፣ ሁሉንም ይንኩ። ይህ የመጀመሪያ ጉጉት ካልወጣላቸው በኋላ ላይ አንድ ቦታ አይቆዩም። ሰዓቱ ሲሞላ ሰብስባችሁ ከተመረጡት ሦስቱ ከመግቢያው የራቀውን ወይም ላይኛው ፎቅ ያለውን አስቀድሙ። ሕዝቡ መጀመሪያ የሚከማቸው በር አጠገብ ነው፤ እናንተ ስትመለሱ እሱ ወደ ውስጥ ገብቷል።

9. አንድ ማሳያ ላይ እንዴት ይቆያል?

ከመመሪያው ሁሉ ይህን ክፍል ብቻ አስታውሳችሁ ብትሄዱ እንኳ በቂ ነው። ቅደም ተከተሉ እንዲህ ነው፦ መጀመሪያ መንካት፣ ቀጥሎ መገመት፣ ከዚያ አንድ ነገር ብቻ ቀይሮ መሞከር፣ ጽሑፉን ማንበብ በመጨረሻ። ጽሑፉን አስቀድማችሁ ጮክ ብላችሁ ካነበባችሁለት ልጁ መልሱን ሰምቶ ይሄዳል። ሞክሮ ግራ ከተጋባ በኋላ ካነበበው ግን እያንዳንዱ ቃል የራሱን ጥያቄ ይመልስለታል።

በብዙ ማዕከላት የሚገኘውን የሚሽከረከር ወንበር ውሰዱ። ልጁ ተቀምጦ በሁለት እጁ ክብደት ይይዛል፣ እጁን ይዘረጋል፣ ሌላ ሰው ቀስ አድርጎ ያሽከረክረዋል። ክብደቱን ወደ ደረቱ ሲሰበስብ ማንም ሳይገፋው በድንገት ይፈጥናል። እዚህ ላይ አብዛኛው ሰው ስቆ ይነሣል። እናንተ ቆዩ። «እጅህን መልሰህ ብትዘረጋስ?» በሉት። ይዘገያል። «ግማሽ ድረስ ብቻ ብትሰበስብስ? አንድ እጅ ብቻ ብትሰበስብስ? ክብደቱን ትተህ በባዶ እጅህ ብትሞክርስ?» አምስት ጊዜ ከሞከረ በኋላ ክብደቱ ከመሐሉ ምን ያህል እንደሚርቅ ትልቅ ለውጥ እንደሚያመጣ በአካሉ አውቆታል። ያን ጊዜ አንጉላር ሞመንተም (የሽክርክሪት እንቅስቃሴ መጠን) የሚለው ስም ቢነገረው የሚያርፍበት ቦታ አለው። አጠገቡ የብስክሌት ጎማ ካለ ጎማውን በኃይል አሽከርክራችሁ ስጡትና ወንበሩ ላይ ሆኖ ያዘንብለው፤ ወንበሩ ራሱ መዞር ይጀምራል። ወደ የት እንደሚዞር አስቀድሞ ይገምት።

ለትንንሽ ልጆች ደግሞ ባለ ቀለም ጥላ የሚታይበት ግድግዳ የተሻለ ነው። ቀይ፣ አረንጓዴና ሰማያዊ መብራቶች ጎን ለጎን ሆነው ነጭ ግድግዳ ላይ ያበራሉ፤ ሦስቱ ሲደራረቡ ግድግዳው ነጭ ይመስላል። ሰው ከፊቱ ሲቆም ጥላው ጥቁር አይሆንም። የቀዩን ብርሃን ብቻ የከለለበት ቦታ ላይ አረንጓዴና ሰማያዊው ተደባልቀው ሲያን የሚባለውን ውኃ ሰማያዊ ይሰጣሉ። አረንጓዴውን ሲከልል ማጄንታ የሚባለው ደማቅ ሮዝ፣ ሰማያዊውን ሲከልል ቢጫ ይወጣል። ለልጁ ማብራሪያ አትስጡት፣ ሥራ ስጡት፦ «ስንት ዓይነት ቀለም ያለው ጥላ ልታገኝ ትችላለህ?» በሉት። ጥላዎቹ ሲደራረቡ ቀይ፣ አረንጓዴና ሰማያዊም ይገኛሉ፤ ሦስቱም ብርሃን በአንድ ላይ የተከለለበት ደግሞ ጥቁር ነው። ጠቅላላ ሰባት ይሆናሉ። ጥቁሩን ማግኘት ከሁሉ ይከብዳል፤ ወደ ግድግዳው መጠጋት ያስፈልጋል። የአምስት ዓመት ልጅ ይህን ፍለጋ ከእናንተ ይልቅ በትዕግሥት ይፈልጋል።

ሹክሹክታ የሚያስተላልፉት ሁለት ትልልቅ ጎድጓዳ ሳህኖችም የጥያቄያችሁ መልስ የሚገኝባቸው ናቸው። አዳራሹ ጫፍና ጫፍ ላይ ፊት ለፊት ይቆማሉ፤ አንዱ ጋ በቀስታ ያወራ ሰው ሌላው ጋ ላለው ይሰማል። ጆሮን አንድ ጊዜ ወደ ሳህኑ አቅርቡ፣ አንድ ጊዜ አርቁ። ድምፁ ጎልቶ የሚሰማበት አንድ ነጥብ አለ፤ የሳህኑ ቅርጽ ወደ እሱ የመጣውን ድምፅ ሁሉ የሚሰበስበው እዚያ ነው። ነጥቡን ሳያገኙ «አይሠራም» ብለው የሚሄዱ ሰዎች ታያላችሁ፤ ልጃችሁ እንዲያሳያቸው አድርጉ። ለሌላ ሰው ያሳየ ልጅ አይረሳም።

አንድ ማሳያ በታሰበው መንገድ ካልሠራ ምክንያቱም ትምህርት ይሆናል። ፀጉር የሚያቆመው ኳስ አየሩ እርጥብ በሆነ ቀን ይደክማል፣ የተጠራቀመው ቻርጅ በቀላሉ ያመልጣልና፤ ደረቅ ቀን ላይ ግን የሁሉም ፀጉር ይቆማል። የተሰበረም ታገኛላችሁ፤ በየቀኑ የብዙ ሰው እጅ የሚያርፍበት ዕቃ ይሰበራል። ለሠራተኛ ንገሩና እለፉ።

ልጁ ለጠየቃችሁ ነገር መልሱን የማታውቁት ከሆነ «አላውቅም፣ እንሞክር» በሉ። ሳታውቁ የሰጣችሁት መልስ ልጁ ላይ ለዓመታት ሊቆይ ይችላል። አዳራሹ ውስጥ የሚዘዋወሩትን አስረጂዎች አናግሯቸው፤ የኤክስፕሎራቶሪየም አስረጂዎች ብዙዎቹ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች ናቸው፣ ልጆችም በቀላሉ ይቀርቧቸዋል። «ሰው ሳያየው የሚያልፈው ጥሩ ነገር የቱ ነው?» ብላችሁ ጠይቁ። በካርታ ላይ የሌለ መልስ ታገኛላችሁ።

10. ድካም ሳይመጣ ማረፍ

ስለ ሙዚየም ድካም የተጻፈው ገና እ.ኤ.አ. በ1916 ነው። የቦስተን የሥነ ጥበብ ሙዚየም ባልደረባ የነበረው ቤንጃሚን አይቭስ ጊልማን ጎብኚዎች ዕቃ ለማየት እንዴት እንደሚጎነበሱና እንደሚንጠራሩ በፎቶግራፍ አሳይቶ አቀማመጡ ራሱ ሰውን እንደሚያደክም አስረድቷል። በሳይንስ ማዕከል ጩኸቱና ወረፋው ይጨመርበታል። ልጁ ማልቀስ ሲጀምር ማረፍ ዘግይቷል፤ በየአርባ አምስት ደቂቃው፣ ባይደክማችሁም፣ ተቀመጡ። ምሳ ከዋናው ሰዓት ቀደም ብላችሁ ብሉ፤ ሁሉም ወረፋ ይዞ ሳለ ማሳያዎቹ ባዶ ይሆኑላችኋል።

ፕላኔታሪየም እንደ ዕረፍት ሊያገለግል ይችላል። ከዋክብትን ጉልላት ላይ የሚያሳየው ዛይስ የተባለው የጀርመን ኩባንያ የሠራው የመጀመሪያው ማሽን በሙኒክ ዶይቸስ ሙዚየም ከታየበት እ.ኤ.አ. 1923 ጀምሮ ሰው ጨለማ ውስጥ ጋደም ብሎ ሰማይ ያያል። ለደከመ እግር ከዚህ የተሻለ መቀመጫ አይገኝም። ለትንሽ ልጅ ግን ከምሳ በኋላ ያለውን ሰዓት አትያዙ፣ ይተኛል፤ ዝቅተኛ የዕድሜ ገደብ ካለም አስቀድማችሁ እወቁ።

ሁለት ተኩል ወይም ሦስት ሰዓት ለአብዛኛው ቤተሰብ ይበቃል። ከሦስቱ የተመረጡ አንዱ ቢቀርም ልጆቹ ገና መቆየት እየፈለጉ ሳለ ውጡ።

11. ለመምህራን

ተማሪዎችን በሦስትና በአራት ከፋፍሉ፣ ለእያንዳንዱ ቡድን አንድ አዋቂ መድቡ፣ አዋቂውም ሥራው መቁጠር ብቻ እንዳልሆነ አስቀድማችሁ ንገሩት። ባዶ ቦታ ሙሉ የሚል የጥያቄ ወረቀት አትስጡ። ተማሪው ዕቃውን ትቶ ከጽሑፉ ላይ ቃል እየቀዳ ይውላል፣ ቀድሞ የጨረሰም ያሸነፈ ይመስለዋል። በምትኩ ለእያንዳንዱ ቡድን አንድ ሥራ ስጡ፦ አንድ ማሳያ መርጣችሁ ቢያንስ ሃያ ደቂቃ ቆዩ፣ የለወጣችሁትንና የሆነውን ጻፉ፣ ነገ ለክፍሉ ዕቃው ሳይኖር በእጃችሁና በሥዕል አስረዱ። ጉብኝቱን ከትምህርቱ ምዕራፍ በፊት አድርጉት፤ ያን ጊዜ ክፍል ውስጥ ስታስተምሩ የምትጠቅሱት የጋራ ገጠመኝ ይኖራችኋል።

12. ከተመለሳችሁ በኋላ

በመንገድ ላይ «ምን ተማርክ?» አትበሉ፤ ፈተና ይመስላል። «እኔ ያላየሁት ምን አየህ?» ወይም «ያ ወንበር እንዴት ነበር ያደረገው? አሳየኝ» በሉ። ልጁ በእጁ ሲያሳይ የገባውንና ያልገባውን ትረዳላችሁ።

በሳምንቱ ውስጥ አንዱን ሙከራ ቤት ውስጥ ድገሙት። ሦስት የእጅ ባትሪዎች በቀይ፣ በአረንጓዴና በሰማያዊ ፕላስቲክ ወረቀት ተሸፍነው፣ ጨለማ ክፍልና ነጭ ግድግዳ ካለ ባለ ቀለም ጥላው ይሠራል። ቀለሙ እንደ ማዕከሉ ጥርት ላይል ይችላል፤ የትኛውን ባትሪ ማራቅ፣ የትኛውን ማቅረብ እንዳለበት ልጁ ራሱ ይድረስበት። የሚዞር የቢሮ ወንበርና ውኃ የተሞሉ ሁለት ትንንሽ ጠርሙሶች ካሉ የሚሽከረከረውን ወንበርም መሞከር ይቻላል፤ ቀስ ብላችሁ አሽከርክሩ፣ ዙሪያውንም ከጠረጴዛ አርቁ። የፀጉር ማድረቂያን በቀዝቃዛ አየር ወደ ላይ አቁማችሁ የፒንግ ፖንግ ኳስ ብታኖሩበት ኳሱ አየር ላይ ይንሳፈፋል፤ ማድረቂያውን ትንሽ ብታዘነብሉትም ወዲያው አይወድቅም። ኤክስፕሎራቶሪየም በድረ ገጹ ላይ ሳይንስ ስናክስ በሚል ስም እንዲህ ያሉ በርካታ የቤት ሙከራዎችን በነፃ አስቀምጧል።

በደብተሩ ውስጥ መልስ ሳያገኙ የቀሩትን ጥያቄዎች ለብቻቸው አንድ ገጽ ላይ ጻፏቸው። ሁለተኛው ጉብኝት የሚታቀደው ከዚያ ገጽ ነው፤ በዚያን ቀን ካርታውን ሁሉ ማየት አያስፈልግም፣ አንዱን ጥያቄ ይዛችሁ በቀጥታ ወደ ዕቃው ሂዱ።